«ካንሰሩን ገደለው!» ከማለታችሁ በፊት

የአንጀት ባክቴሪያ ከሚያመነጫቸው ነገሮች ለአንጀት ካንሰር መድኃኒት እንፈልጋለን ብለው ላብራቶሪ የሚገቡ ወጣቶች ደስ ይሉኛል። ያንኑ ስህተት ሲደጋግሙት ማየት ግን ሰልችቶኛል።

ዋናው ስህተት አሲድ ነው። ባክቴሪያውን ታሳድጋላችሁ፣ ፈሳሹን ታጣራላችሁ፣ የካንሰር ሴሎቹ ላይ ትጨምሩታላችሁ። በማግስቱ ሴሎቹ ሞተዋል። ጭብጨባ! ቆይ እስኪ፣ ሳህኑን አይታችሁታል? ቀይ የነበረው ማሳደጊያ፣ ማለትም ሴሎቹ የሚያድጉበት ፈሳሽ፣ ቢጫ ሆኗል። ቀለሙ እኮ ለጌጥ አልተጨመረም፤ አሲድ በዛ እያለ እየጮኸ ነው። ብዙዎቹ የአንጀት ባክቴሪያዎች ሲያድጉ ስኳሩን ይጨርሱና አሲድ ይተፋሉ። ስለዚህ ሴሎቹን የጨረሳቸው ተአምረኛ ንጥረ ነገር ሳይሆን አሲድና ረሃብ ሊሆን ይችላል። ባክቴሪያ ያልገባበትን ያንኑ የባክቴሪያ ማሳደጊያ ወስዳችሁ ፒኤቹን (የአሲድነት ልኩን) እኩል አድርጉና አነጻጽሩ፤ ያኔ እንነጋገራለን። ቡቲሬት (የአንጀት ባክቴሪያ ከምግብ ፋይበር የሚሠራው አሲድ) ስትሞክሩም ጨው የሆነውን ሶዲየም ቡቲሬት ተጠቀሙ እንጂ አሲዱን እንዳለ አትገልብጡበት። ሽታውም ቢሆን ጎረቤት ያስቀይማል።

ጤነኛውን ሴል መርሳትም አለ። ቡቲሬት ለትልቁ አንጀት ጤነኛ ሴሎች ዋና ምግባቸው ነው። የካንሰር ሴል ግን ግሉኮስ ስለሚያዘወትር በወጉ አያቃጥለውም። ቡቲሬቱ ውስጡ ይጠራቀምና ጂኖችን ዘግተው የሚይዙትን ኤችዳክ የሚባሉ ኢንዛይሞች ይገታል፤ ተዘግተው የነበሩ ጂኖች ይከፈታሉ፣ ሴሉ መባዛቱን ያቆማል ወይም ይሞታል። ሁላችንንም ያጓጓን ይህ ልዩነት ነው። ሁለቱን ሴሎች ጎን ለጎን ካላሳያችሁ ግን በረኪናም ካንሰር ይገድላል።

መጠን። ቡቲሬት ትልቁ አንጀት ውስጥ በሚሊሞላር፣ ደም ውስጥ ግን የዚያ አንድ ሺህኛ በሆነው በማይክሮሞላር ነው የሚለካው። ሳህን ላይ 5 ሚሊሞላር ሠራ ብላችሁ ሳንባ ላይ ስለተዛመተ ካንሰር አታውሩ። የሚዋጠውም ቢሆን በደንብ ካልተሸፈነ ትልቁ አንጀት ሳይደርስ መንገድ ላይ ይመጠጣል። ዘመድ ደውሎ «ሰገራዬ ላይ ደም አለ፣ የቡቲሬት እንክብል ልግዛ?» ካላችሁ፣ መልሱ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂድ ነው።

ለአንጀት ካንሰር ምርምር የምትውለው፣ ኤፒሲ የሚባለው ጂኗ የተበላሸባት ኤፒሲ ሚን የምትባለው አይጥ ዕጢ የምታወጣው በብዛት ትንሹ አንጀቷ ላይ ነው። ስለ ትልቁ አንጀት ከመጻፋችሁ በፊት አስታውሱት።

በመጨረሻ፣ ባክቴሪያ ሁሉ ወዳጅ አይደለም። አንዳንድ የኢ. ኮላይ ዝርያዎች ዲኤንኤ የሚጎዳ ኮሊባክቲን የሚባል መርዝ ያመነጫሉ፤ በ2020 እ.ኤ.አ. የጥፋት አሻራው በሰው የአንጀት ካንሰር ውስጥ እንዳለ ታይቷል። ፕሮባዮቲክ (ለጤና የሚወሰድ ሕያው ባክቴሪያ) ተብሎ የሚሸጠው ኢ. ኮላይ ኒስል 1917 እንኳ መርዙን የሚሠሩትን ጂኖች ይዟል። «ጥሩ ባክቴሪያ ነው» የሚል ሲመጣ ጂኖቹን አሳየኝ በሉት።