ሐኪም ርቆ ባለበት ቦታ ቴክኖሎጂ ሲገባ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሐኪም ርቆ ለሚኖር ሰው ስልክ ትልቅ ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያስኬድ መንገድ በአንድ ጥሪ ሊቀርለት ይችላል። ብዙ ፕሮጀክቶች ግን ገና ሲታቀዱ በሚሠሩ ስህተቶች ይከሽፋሉ። ደጋግመው የሚታዩት እነዚህ ናቸው።

ሰዉ እጅ ላይ በሌለ ስልክ ማቀድ
አፕ ይሠራና በድምቀት ይመረቃል። እናትየው የያዘችው ግን ተራ ስልክ ነው። ደቡብ አፍሪካ በ2014 እ.ኤ.አ. ማምኮኔክት የተባለውን የነፍሰ ጡሮች አገልግሎት ስትጀምር፣ ምዝገባው በኮከብና በመሰላል በሚደወል አጭር ቁጥር ነበር። ኢንተርኔት አያስፈልገውም ነበር፤ ምክሩም በጽሑፍ መልእክት ይደርስ ነበር። ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ የተቀዳ ድምፅ ይሻላል።

ኔትወርክ ሁሌም አለ ብሎ ማሰብ
አፑ ያለ ኢንተርኔት መዝግቦ፣ ኔትወርክ ሲገኝ የሚልክ ይሁን። የቻርጅ ነገርም ከመጀመሪያው በጀት ይያዝለት።

ጤና ባለሙያዋን ሁለት ጊዜ ማሠራት
እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው። ታብሌት ይሰጣታል፤ የወረቀቱ መዝገብ ግን አይቀርላትም። አንድ ሕፃን ስትከትብ መዝገቡ ላይ ትጽፋለች፣ ያንኑ ታብሌቱ ላይ ትደግማለች። ሌላ ድርጅት የራሱን አፕ ይዞ ሲመጣ ሦስተኛ ይጨመርባታል። ወረፋው ይረዝማል። ስለዚህ ታብሌቱን ማታ ቤቷ ገብታ እያስታወሰች ትሞላዋለች፤ ቁጥሩም ይዛባል። ከዚያ ስብሰባ ላይ «ባለሙያዎቹ ቸልተኞች ናቸው» ይባላል። ይሄ ግፍ ነው። ወረቀቱ የሚቀርበት ቀን ሳይቆረጥ ታብሌት መታደል የለበትም። የምትሞላው መረጃም ለራሷ ይጥቀማት። ክትባት ያቋረጠው የማን ልጅ እንደሆነ የሚያሳያት ከሆነ፣ ማንም ሳይጎተጉታት ትጠቀምበታለች።

ሙከራ ላይ መቅረት
ኡጋንዳ ውስጥ እርስ በርስ የማይነጋገሩ ትንንሽ ሙከራዎች ከመብዛታቸው የተነሳ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር አዳዲሶቹን እስከማስቆም ደርሶ ነበር። የለጋሹ ገንዘብ ሲያልቅ ማን ይከፍላል? መረጃውስ ከአገሪቱ የጤና መረጃ ሥርዓት ጋር ይገናኛል? መልሱ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ይታወቅ።

ስልኩ የአንድ ሰው ብቻ ነው ብሎ መገመት
በብዙ ቤት አንድ ስልክ የሁሉም ነው። የበሽታ ስም የያዘ መልእክት ትዳር ሊያፈርስ ይችላል። ኬንያ ውስጥ ለኤችአይቪ ታካሚዎች በየሳምንቱ ይላክ የነበረው መልእክት ደህንነታቸውን ብቻ የሚጠይቅ ነበር፤ ስለ በሽታውም ስለ መድኃኒቱም አንድ ቃል የለውም። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት፣ መልእክቱ ይደርሳቸው የነበሩት መድኃኒታቸውን በተሻለ ሁኔታ እንደወሰዱ አሳይቷል።

ከጥሪው በኋላ ያለውን መርሳት
ሐኪሙ በቪዲዮ አይቶ «ቶሎ ሆስፒታል ውሰዷት» ቢል፣ መኪና ከሌለ ምን ይደረጋል? ያዘዘው መድኃኒትስ ካልተገኘ? መስመሩ ከመከፈቱ በፊት አምቡላንሱን ማን እንደሚልክ፣ የትኛው ሆስፒታል እንደሚቀበላት፣ መድረሷንም ደውሎ የሚያረጋግጠው ማን እንደሆነ በስም ይለይ።