ቀኝ ፍሬቻ ከማብራታችሁ በፊት፦ በጅማ መንገድ መቅደምና ማሳለፍ

ሰሞኑን መንጃ ፈቃድ ያወጣ አንድ ልጅ አጠገቤ አስቀምጬ፣ ቡና ጭነን ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ወጣን። ሰርቦን እንዳለፍን «ጋሼ፣ ከፊት ያለውን መኪና መቼ ነው የምቀድመው?» አለኝ። ጥያቄው ደስ አለኝ። መንገዱን ሙሉ ሳስረዳው ሄድኩ። እዚህ የምጽፈው ያኔ ያልኩትንና ከተለያየን በኋላ ትዝ ያለኝን ነው።

የምነዳው አይሱዙ ነው። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ አሰንዳቦ መንገዱ ብዙም አያስቸግርም። ዴኔባንና ሰኮሩን አልፎ፣ አበልቲ ደርሶ ወደ ግቤ ሲወረድ ግን ኩርባው ይበረታል። ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ ደግሞ ወደ ወልቂጤ ዳገቱ ይጠብቃል። አንድ ተሳቢ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ ከኋላው አሥር መኪና ይሰለፋል። ሰው የሚቸኩለው፣ ክላክስ የሚጮኸው፣ መጥፎ ነገር የሚመጣው ከዚያ ሰልፍ ውስጥ ነው።

መቅደምን በደንብ የተማርኩት፣ የሚገርመው፣ እዚህ መንገድ ላይ አይደለም። ስድስት ዓመት ዱባይ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። ከደንበኞቻችን አንዳንዶቹ የዕረፍት ቀናቸውን ዱባይ አውቶድሮም ነበር የሚያሳልፉት። 5.39 ኪሎ ሜትር የሚዞር የመኪና ውድድር ሜዳ ነው። የሚሄዱት ግን ለውድድር አይደለም። ተራ ሰው ከፍሎ የራሱን መኪና እንደልቡ የሚነዳበት ቀን አለ፤ ሰዓት የሚይዝ፣ ዋንጫ የሚሰጥ የለም። እኔ የጎማ ብሎን ለማጥበቅ፣ ፍሬን ለማየት፣ መኪና ውስጥ የቀረ ጠርሙስና ጃክ ለማውጣት አብሬ እሄድ ነበር። ጠዋት ማንም ሞተር ሳያስነሳ ሁሉም ተሰብስቦ ማብራሪያ ይሰማል። ከማብራሪያው ትልቁን ቦታ የሚይዘው መቅደም ነበር።

የሜዳው ሕግ ለጀማሪዎች ጥብቅ ነው። ኩርባ ላይ መቅደም የለም። የሚቀደመው በተፈቀደ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ከፊት ያለው ሰው እጁን በመስኮት አውጥቶ በየት በኩል እንደሚታለፍ ካሳየ በኋላ ነው። እጅ ካልወጣ፣ ከኋላ ያለው የፈለገውን ያህል ፈጣን መኪና ቢይዝ ይጠብቃል። አሳላፊው ካሳየ በኋላ መስመሩን አይለቅም፤ ነዳጁን ብቻ ለቀቅ ያደርጋል። ከመስመሩ የሚወጣው ቀዳሚው ነው። ደግሞ አንድ እጅ ለአንድ መኪና ነው። ከኋላ ሦስት መኪና ካለ ሦስት ጊዜ ያሳያል። ከፊት አደጋ እንዳለ የሚያስጠነቅቀው ቢጫ ባንዲራ ከተውለበለበ፣ እጅ ወጣም አልወጣም፣ ማንም ማንንም አይቀድምም።

ይህን ሳይ ወዲያው ትዝ ያለኝ የእኛው ቀኝ ፍሬቻ ነው። በእኛ መንገድ ከባድ መኪና ከኋላው ላለው ቀኝ ፍሬቻ ካሳየ «እለፍ» ማለቱ ነው። ግራ ካሳየ «ቆይ፣ የሚመጣ አለ» ማለቱ ነው። ማንም ጽፎ አልሰጠንም፤ ከአንዱ ሾፌር ወደ ሌላው ሲተላለፍ የኖረ ጨዋነት ነው። እኔ እወደዋለሁ። ግን ሁለት ክፍተት አለው፤ ሁለቱም ሰው ይገድላሉ።

የመጀመሪያው ፍሬቻው የመታጠፊያም ምልክት መሆኑ ነው። ግራ ያበራው «ቆይ» ሊላችሁ ይችላል፤ ወደ ግራ ሊታጠፍም ይችላል። ቀኝ ያበራውም «እለፍ» ሳይሆን ሰው ሊያወርድ ይሆናል። ስለዚህ ፍሬቻውን ብቻ አትዩ። የፍሬን መብራቱን እዩ። ጎማው ወደ ዳር እየወጣ እንደሆነ እዩ። ከፊቱ መገንጠያ ወይም ነዳጅ ማደያ መኖሩን እዩ። ግራ ፍሬቻ ያበራ መኪና ደግሞ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ አይቀደምም።

ሁለተኛው በእኔ የደረሰ ነው። ክረምት ነበር። ከግቤ ድልድይ ወደ ወልቂጤ፣ ሙሉ ጭነት ይዤ በሁለተኛ ማርሽ እየወጣሁ ነው። ከኋላዬ አንድ አባዱላ ክላክሱን አልተወኝም። ስፖኪዮ ውስጥ ሳየው መብራቱን ያበራል፣ ያጠፋል። ሰለቸኝ። ኩርባው ገና አላለቀም፤ ከፊቴ የሚታየኝ ምናልባት መቶ ሜትር ነው። ያም ሆኖ እጄ ሄዶ ቀኝ ፍሬቻ አበራ። «ሂድና ተገላገለኝ» ነው ያልኩት በልቤ። አባዱላው ወጣ። የመኪናዬ በር አጠገብ ሲደርስ ከላይ አውቶቡስ ብቅ አለ። ፍሬን ያዝኩ፣ ወደ ጠጠሩ ወረድኩ። አባዱላው በእኔና በአውቶቡሱ መካከል ሾልኮ ገባ። የግራ ስፖኪዮዬ ተገንጥሎ ሄደ። መኪናዋን አቁሜ ስወርድ እግሬ አልያዘኝም። አባዱላው መስኮት ላይ ነጭ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ነበሩ። ሲያልፉ ፊታቸውን አይቼዋለሁ፤ እስካሁን አልረሳሁትም።

ያ ሾፌር ቸኩሏል። ምልክቱን የሰጠሁት ግን እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀኝ ፍሬቻ የማበራው አንድ ነገር ራሴን ጠይቄ ነው፤ ያ መኪና ውስጥ ልጄ ብትኖር አሳልፈው ነበር? ካልሆነ ፍሬቻዬ አይበራም። ክላክስ ይጩህ። መብራት ያብለጭልጭ። ከዱባዩ ሜዳ የተማርኩትም ይኸው ነው። ከፊት ያለውን ሰው እጁን እንዲያወጣ ማንም አያስገድደውም፤ ማሳለፍ ያለበት ግን አመቺው ቦታ ሲደርስ ሳይዘገይ ነው። እኔም አሁን ዳገት ላይ ከኋላዬ አምስት መኪና ከተሰለፈ፣ ሰፊ ዳር ሳገኝ ወጥቼ አሳልፋለሁ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚወስደው።

ቀዳሚዎች ደግሞ ይህን ያዙ። የሌላ ሰው ፍሬቻ ዓይን አይሆናችሁም። እሱ ያየውን ነው የነገራችሁ፣ ያየውም ከሁለት ሰከንድ በፊት ነው። በራሳችሁ ዓይን ካላያችሁ አትውጡ። እሱ ያሳለፈው ደግሞ አንድ መኪና ነው። በእኛ መንገድ በጣም የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ከፊት ያለው ሲያልፍ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጅራቱን ይዘው ይወጣሉ። የመጀመሪያው ሲገባ ሦስተኛው መሀል መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከፊቱ ምን እንዳለ አንዴም አላየም። ከፊታችሁ ያለው ቀድሞ እስኪገባ ጠብቁ። ከዚያ የራሳችሁን ምልክት፣ የራሳችሁን ክፍት መንገድ ፈልጉ።

ምን ያህል ክፍት መንገድ? ለልጁ ወረቀት ላይ ያሰላሁለትን ልድገመው። ተሳቢው በሰዓት 40 ይሄዳል፣ እናንተ በትንሽ መኪና 70። ተሳቢው 18 ሜትር ይሁን። ከኋላው 20 ሜትር፣ ከፊቱ 20 ሜትር፣ የራሳችሁ መኪና 5 ሜትር። ለማለፍ ወደ ስምንት ሰከንድ ያስፈልጋችኋል። በስምንት ሰከንድ እናንተ 155 ሜትር ትሄዳላችሁ። ከፊት በ80 የሚመጣው ወደ 178 ሜትር ይሄዳል። ሲደመር 330 ሜትር አለፈ፤ ያም አፍንጫ ለአፍንጫ ለመተላለፍ ያህል ብቻ ነው። እኔ ከ500 ሜትር በታች የማየው ከሆነ አልወጣም። አምስት የኳስ ሜዳ ደርድራችሁ አስቡት። ከግቤ ወደ ወልቂጤ ባለው ዳገት ይህን ያህል ቀጥ ያለ መንገድ ብዙ ጊዜ አታገኙም። ስለዚህ እዚያ መከተል ነው። የማይቆራረጥ መስመር ካለ ደግሞ ስሌትም አያስፈልግም፤ መቅደም የለም።

ተሳቢ ኋላ አትለጠፉ። ስትለጠፉ የምታዩት የኋላ ጎማና ጭስ ብቻ ነው። ራቅ በሉ፤ መንገዱ ይከፈትላችኋል። መንገዱ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ በተሳቢው ቀኝ ጎን አሻግራችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ ወደ ግራ ሲታጠፍ በግራ ጎኑ። ማርሽ የምትቀንሱት ከመውጣታችሁ በፊት ነው። መሀል ላይ ሆኖ ማርሽ መፈለግ ጉልበትም ጊዜም ይበላል። ስፖኪዮ እዩ፤ ከኋላችሁ የወጣ ሌላ ሰው ሊኖር ይችላል። ፍሬቻ አብሩ፣ አጭር ክላክስ ስጡ፣ ከወጣችሁ በኋላ አታመንቱ። ወደ መስመር የምትመለሱት የተሳቢው ሁለቱም የፊት መብራት በውስጥ መስታወታችሁ ሲታይ ነው። ከገባችሁ በኋላ አራቱንም ፍሬቻ አንድ ሁለት ጊዜ ብልጭ አድርጉለት። ምስጋና ነው፤ ሾፌር ደስ ይለዋል።

ቁልቁለት ላይ ከከባድ መኪና ፊት ገብታችሁ ፍሬን እንዳትይዙ አደራ። ያ ሰውዬ በዝቅተኛ ማርሽ ነው ይዟት የሚወርደው። እናንተ ፍሬን ስትይዙ እሱም ለመያዝ ይገደዳል። የጋለ ፍሬን ደግሞ ይከዳል። ዱባይ ሜዳው ላይ አንድ መኪና ሲገባ ፔዳሉን በእጄ ተጭኜ ነበር፤ እስከ ወለሉ ሰመጠ። ዘይቱ ፈልቶ ነበር። ለዚህ ነው እዚያ የመጨረሻውን ዙር ፍሬን ሳይነኩ ቀስ ብለው የሚነዱት፣ እንዲቀዘቅዝ። እኛ ማቀዝቀዣ ዙር የለንም። ወደ ግቤ ስትወርዱ የተቃጠለ የፍሬን ሽታ ከሸተታችሁ፣ የማንም መኪና ይሁን፣ ራቁ።

ስትቀደሙ ፍጥነት አትጨምሩ። ይህ ክብር የሚነካበት ጉዳይ አይደለም። መስመራችሁን ያዙ፣ ነዳጁን ለቀቅ አድርጉ። ላስፋለት ብላችሁ በድንገት ወደ ዳር አትውጡ፤ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቆርጦ የሚወርድበት ቦታ አለ፣ ጎማው ከወረደ መሪውን ይነጥቃችኋል።

ማታ ከተቻለ አለመቅደም ነው። ግድ ከሆነ ግን ቀዳሚው አጠገቡ እስኪደርስ አጭር መብራት ይያዝ፣ ከዚያ ረጅሙን። ተቀዳሚው ደግሞ መንገዱን በረጅም መብራት ያብራለት፤ ፊቱ ሲገባ ወደ አጭር ይመልስ።

ከተማ ውስጥ አጭር ነው። ሰርቦ፣ አሰንዳቦ፣ ሰኮሩ ስትገቡ መቅደም የለም፤ በተለይ በገበያ ቀን። አህያው ብቻውን አይሻገርም፤ ከኋላው ልጅ አለ። ጅማ ውስጥም ሰው ለማውረድ የቆመ ባጃጅ ስታልፉ፣ ከፊቱ የሚሻገር እንዳለ አስቡ።

የቀረኝ ቅጠል ነው። አስፋልት ላይ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ካያችሁ ከፊት የተበላሸ መኪና አለ ማለት ነው። የእኛ ቢጫ ባንዲራ እሱ ነው። ቅጠሉን ካያችሁ ጀምሮ መኪናውን እስክታልፉ ማንንም አትቅደሙ። ለጎማው ድንጋይ ያደረጋችሁ፣ ለምልክት የደረደራችሁ ደግሞ፣ ተጠግኖ ስትነሱ አንሱት። ያን ዕለት ከሰኮሩ ወዲያ ኩርባ ላይ ሦስት ድንጋይ እንደተደረደረ ቀርቶ አገኘን። መኪናው የለም፤ የፈሰሰ ዘይት ብቻ አለ። ዳር ያዝኩ። ልጁ ሳልነግረው ወረደና ግራ ቀኝ አይቶ፣ አንድ በአንድ ወደ ቦዩ አንከባለላቸው።