የስኮትላንድን የድንጋይ አፓርታማ ስታድሱ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

የግላስጎውንና የኤድንብራን መሀል ከተማ ያየ ሰው ተያይዘው የቆሙትን የድንጋይ ፎቆች አይረሳቸውም። ቴነመንት ይባላሉ። አንድ የጋራ ደረጃ፣ በየፎቁ ሁለት ወይም ሦስት ቤት፣ ከኋላ የጋራ ግቢ። በአኗኗር ከእኛ ኮንዶሚኒየም ብዙም አይርቁም። ግን አብዛኞቹ ከመቶ ዓመት በላይ የቆዩ ናቸው፤ የተሠሩትም በኮንክሪት ሳይሆን በአሸዋ ድንጋይና በኖራ ነው። ቤት ገዝቶ የሚያድሰው ሰው ይህንን ይረሳና እንደ አዲስ ሕንፃ ይነካካቸዋል። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ስህተት የድንጋዩን መገጣጠሚያ በሲሚንቶ መሙላት ነው። የድሮ ግንበኞች የተጠቀሙት ኖራ ነበር። ኖራ ለስላሳ ነው፣ እርጥበት ያሳልፋል። ግድግዳው የጠጣው ዝናብ በኖራው በኩል ቀስ እያለ ይወጣል፤ ኖራው ሲያረጅ ደግሞ እሱኑ ፍቆ በአዲስ መተካት ነው፣ ድንጋዩ ምንም አይሆንም። ሲሚንቶ ግን ድርቅ ያለ ነው። ውሃው መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ በኩል ይወጣል፣ ጨው ይዞ ይመጣል፣ ብርዱ ሲከፋም እዚያው በረዶ ሆኖ ድንጋዩን ይፈረካክሰዋል። በሲሚንቶ የተሞላ አሮጌ ግድግዳ ካገኛችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ሲሚንቶው ወደ ውጭ ፈጦ ቀርቷል፣ ድንጋዩ ተበልቶ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ እጃችሁን ስታሳርፉበት አሸዋው ይረግፋል። ስለዚህ «ሲሚንቶ ይሻላል፣ ጠንካራ ነው» የሚል ሠራተኛ ከመጣ አመስግናችሁ ሸኙትና ኖራ የሚያውቅ ፈልጉ።

ድንጋዩን በኃይል ማጠብም እንደዚሁ ነው። ከተማው ለብዙ አሥርት ዓመታት የድንጋይ ከሰል ሲያነድ ስለኖረ ግድግዳዎቹ በጥላሸት ጠቁረው ነበር። ከዚያ እነሱን ማጽዳት ፋሽን ሆነና ብዙዎቹ በአሸዋ ግፊትና በኬሚካል ተፋቁ። ጥላሸቱ ለቀቀ፣ አብሮት ግን የድንጋዩ ፊትና የጠራቢው ጥበብ ሄደ። መጥቆሩ ብቻውን በሽታ አይደለም። የተበላ ድንጋይ መተካት ግድ ከሆነ ደግሞ ዓይነቱ ይመሳሰል። የግላስጎው ቀደምት ሕንፃዎች እዚያው አካባቢ በተቆፈረ ገረጣ ያለ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1890ዎቹ ወዲህ ግን በደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ ካሉት ከዳምፍሪስና ከኤርሺር በባቡር የሚመጣው ቀይ ድንጋይ በዛ። ሁለቱን ማደባለቅ ዓይን ያስቀይማል።

ሌላው ስህተት፣ ሙቀት ለመቆጠብ ብሎ የአየር መግቢያውን ሁሉ መድፈን ነው። ብርዱን አውቀዋለሁ፣ ይገባኛል። ግን ከግድግዳው ግርጌ ያሉት ትንንሽ የብረት ቀዳዳዎች የተቀመጡት ለጌጥ አይደለም፤ ከወለሉ በታች ያለውን እንጨት ያደርቁታል። ጭስ ማውጫውም ያለ ምንም ቀዳዳ ከታሸገ ውስጡ ይረጥባል። ከዚያ ሻጋታ፣ ከዚያ እንጨቱን የሚበላ ፈንገስ ነው፤ እሱ ደግሞ የጎረቤት በር አያንኳኳም።

ቤት ለማስፋት ብሎ የምድጃውን ግንብ ማፍረስማ ጭራሽ አደገኛ ነው። ያ ግንብ ከታች እስከ ጣሪያ ተደራርቦ የወጣ ነው፤ የእናንተን ፎቅ ድርሻ ስታፈርሱ ከላይ ያለው ክብደት ምን ላይ ያርፋል? መሐንዲስ ሳያየውና የካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) ፈቃድ ሳይኖር አይነካም። በ1861 ኤድንብራ ሃይ ስትሪት ላይ አንድ አሮጌ ሕንፃ በሌሊት ተደርምሶ 35 ሰው ሞቷል። ወለሉንም ስትከፍቱ በጣውላዎቹ መካከል አመድ ብታገኙ ቆሻሻ ነው ብላችሁ አትጣሉት። ሆን ተብሎ የተጨመረ ድምፅ ማፈኛ ነው። ከተጣለ የታችኛው ጎረቤታችሁ እርምጃችሁን ሁሉ ይሰማል።

የድሮውን ዕቃ እየነቀሉ መጣልም ያሳዝነኛል። ወጥ ቤት ውስጥ አልጋ የሚገባበት ጎድጓዳ ቦታ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተተው የእንጨት መስኮት፣ በደረጃው መግቢያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ባለ ቀለም ሸክላ... እነዚህ ምን እንደሚመስሉ ማየት የፈለገ ግላስጎው ባክሉ ስትሪት ቁጥር 145 ይሂድ። በ1892 የተሠራ ነው። አግነስ ቶዋርድ የተባለች የቢሮ ጸሐፊ ከ1911 ጀምሮ ከ50 ዓመት በላይ ኖራበታለች፤ ምንም ያህል ስላልቀየረችው ዛሬ ሙዚየም ነው። መስኮት ከመቀየራችሁ በፊትም ሕንፃው በቅርስነት መመዝገቡን ወይም ጥበቃ በሚደረግለት ሰፈር መሆኑን ጠይቁ፤ ያለ ፈቃድ ከቀየራችሁ መልሱ ልትባሉ ትችላላችሁ።

በመጨረሻ ጣሪያው። «እኔ ምድር ቤት ነኝ፣ የሚያፈስ ጣሪያ ምን አገባኝ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ያገባዋል። መጀመሪያ የቤቱን የይዞታ ሰነድ ማንበብ ነው፤ ወጪው እንዴት እንደሚከፈል እዚያ ሊጻፍ ይችላል። ሰነዱ ዝም ካለ የ2004ቱ የስኮትላንድ የቴነመንት ሕግ ይሠራል። በሕጉ መሠረት የጣሪያ ጥገና የሁሉም ባለቤቶች ዕዳ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት አንድ ድምፅ አለው፣ አብዛኛው ከተስማማ ሥራው ይቀጥላል። አንድ ጎረቤት አልከፍልም ካለ ካውንስሉ ድርሻውን ሸፍኖ በኋላ ከእሱ የሚያስመልስበት መንገድ አለ፤ ስለዚህ ደውላችሁ ጠይቁ። እስከዚያው ቢያንስ አሸንዳው ከቅጠልና ከሣር ይጽዳ። የተደፈነ አሸንዳ ውሃውን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ነው የሚያፈሰው።