እባብ መንገዱ ላይ ሲያጋጥም ብስክሌተኞች የምንሠራቸው ስህተቶች

በጠባብ የተራራ መንገድ ላይ እግረኛ ሲመጣ እባብ ቀድሞ ያውቃል። ውጫዊ ጆሮ ባይኖረውም የመሬቱን ንዝረት በመንጋጋው በኩል ስለሚሰማ ብዙውን ጊዜ ገለል ይላል። ብስክሌት ግን በለስላሳ አፈር ላይ ቁልቁል ሲንደረደር ንዝረቱ ከደረሰው ጎማውም ደርሷል። ስለዚህ ሁለታችንም ሳንዘጋጅ ፊት ለፊት እንገናኛለን። የሚያስነክሰን ግን በአብዛኛው ከዚያ በኋላ እግርና እጃችንን የምናሳርፍበት ቦታ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ፍሬን አንቆ መያዝ ነው። ከሩቅ ካዩት ቀስ ብሎ መቆም ጥሩ ነው። ሁለት ሜትር ሲቀር ፍሬን ከያዙ ግን ጎማው ይንሸራተትና ብስክሌቱ እባቡ አጠገብ ይቆማል፤ ሚዛን ለመጠበቅ የሚወርደው እግርም አፉ ሥር ያርፋል። ለመቆም ጊዜ ከሌለ እግርን ከፔዳሉ ሳያነሱ፣ መሪውን ሳያወዛውዙ፣ ቦታ ካለ በሰፊው ዞሮ ማለፍ ይሻላል። ሆን ብሎ መዳጥ ግን ጭካኔም ሞኝነትም ነው፤ ጎማው እባቡን አንስቶ ወደ እግር ሊወረውረው ይችላል።

ሌላው «ይሸሻል» ብሎ መጠጋት ነው። እፉኝት የሚተማመነው በቆዳው ቀለም ስለሆነ ሰው ሲመጣ ዝም ብሎ ይተኛል። ተረቱ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላል፤ የብስክሌተኛ ችግር የተገላቢጦሽ ነው፤ እባቡን ልጥ ነው ብሎ ያልፋል። ብዙ እባቦች የአካላቸውን ግማሽ ያህል ርቀት ተወርውረው መንከስ ስለሚችሉ፣ ጥቂት ሜትሮች ርቆ ቆሞ እስኪሄድ መጠበቅ ወይም ተመልሶ ሌላ መንገድ መያዝ ነው። ፊት የነበረው ጓደኛ በሰላም ማለፉም ለኋለኛው ዋስትና አይሆንም።

በድንጋይ መውገር፣ በእንጨት መነካካት፣ ለፎቶ መንበርከክ፦ ስለእነዚህ ብዙ አልልም። የተቆረጠ የእባብ ጭንቅላት እንኳ ከቆይታ በኋላ ሊነክስ እንደሚችል ማወቅ ይበቃል።

ብዙዎቻችን የምንዘነጋው እረፍቱን ነው። አንድ ቀን የኋላ ጎማዬ ተነፈሰና ብስክሌቴን ሳሩ ላይ አጋደምኩት። ጎማውን ስፈታ የመንፊያው ክዳን ከእጄ አምልጦ ተንከባለለና ድንጋይ ሥር ገባ። ጣቶቼን ልሰድ ስል ጥላው ውስጥ የደረቀ ቅጠል የመሰለኝ ነገር ቀስ ብሎ ተሰበሰበ፤ ወፍራም፣ አጭር፣ ጀርባው ዝንጉርጉር። ከዚያ ረዘም ያለ የትንፋሽ ድምፅ መጣ። ክዳኑን እዚያው ትቼለት መጣሁ። ከዚያ ወዲህ ጎማ የምጠግነው ሳር በሌለበት ገላጣ ቦታ ነው፤ ግንድ ላይ ከመቀመጤ በፊት ማዶውን አያለሁ፤ መሬት ላይ ያስቀመጥኩትን ጓንትም ሳላራግፍ አላጠልቅም። ያን ቀን ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ቢኖር ኖሮ ድምፁን አልሰማውም ነበር።

በሙቀት ወቅት ብዙ እባቦች የሚንቀሳቀሱት ሲመሽ ነው። በዚያ ሰዓት ያለ መብራት መንዳትም ከስህተቶቹ አንዱ ነው።

ከተነከሱ በኋላ የሚሠራው ስህተት ደግሞ የከፋ ነው። ቦታውን መብጣት፣ መምጠጥ፣ በገመድ ጥብቅ አድርጎ ማሰር፣ በረዶ ማድረግ ሁሉም ይጎዳሉ እንጂ መርዙን አያወጡም። ብስክሌት ላይ ወጥቶ ወደ ሆስፒታል መጋለብም እንዲሁ፤ ጡንቻ በሠራ ቁጥር መርዙ ቶሎ ይሰራጫል። የተነከሰው ሰው ተረጋግቶ ይቀመጥ፣ እግሩ ወይም እጁ እንዳይንቀሳቀስ ይደገፍ፣ ከማበጡ በፊት ጫማው፣ ቀለበቱና ሰዓቱ ይውለቁ፤ ጓደኞቹም መኪና ይጥሩ ወይም ይሸከሙት። «ብዙም አላመመኝም» ብሎ መጠበቅ አያዋጣም፤ አንዳንድ መርዝ ብዙ ሳያሳምም ትንፋሽ ያቆማል። መርዙን የሚያረክሰው የፀረ መርዝ መድኃኒት የሚገኘው ሕክምና ቤት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰዎች በእባብ ንክሻ እንደሚሞቱ ይገምታል፤ ብዙዎቹም ሕክምና የዘገየባቸው ናቸው።

እባቡን ይዞ መሄድም አያስፈልግም፤ መልኩን ማስታወስ ይበቃል። ይልቅ እስክሪብቶ ካለ እብጠቱ የደረሰበትን ጠርዝ ቆዳው ላይ አስምሮ ሰዓቱን አጠገቡ መጻፍ ነው፤ ሐኪሙ እብጠቱ በምን ፍጥነት እየተስፋፋ እንደሆነ የሚያየው ከዚያ ነው።