የምድር ባቡር ሰዎችን ትዝታ እንዴት እንቅዳ?

ቤታችሁ የምድር ባቡር ጡረተኛ ካለ፣ ወይም የጡረተኛ ልጅ ከሆናችሁ፣ ይህ ለእናንተ ነው። አያቴ ድሬዳዋ በእንፋሎት ባቡር ላይ እሳት አንዳጅ ነበር። አባቴ ደግሞ እዚያው ጋራዥ በናፍጣው ዘመን ሠርቶ ጡረታ ወጣ። የእንፋሎቱ ባቡር በ1940ዎቹ ዓ.ም. ቦታውን ለናፍጣ ስለለቀቀ፣ ያንን እሳት በእጁ ያነደደ ሰው ዛሬ ማግኘት በጣም ከባድ ነው። የቀረን ከአባቱ አፍ የሰማው ልጅ ነው። እሱም እያረጀ ነው። ስለዚህ ለበዓል እንገናኝ ብላችሁ አትቅጠሩት።

መቅጃ ስልካችሁ ይበቃል። ጥሪ እንዳይገባ ኢንተርኔቱንም መስመሩንም ዝጉት። ቴሌቪዥኑን አጥፉ። ድሬ ከሆናችሁ ቬንትሌተሩንም አጥፉ፤ ሙቀቱን ቻሉት እንጂ ድምፁ ሁሉንም ይውጠዋል። ስልኩን ከሰውየው ፊት ሳይሆን ወደ ጎን፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት አስቀምጡት። መጀመሪያ ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ስም ራሳችሁ ተናገሩ። እንደሚቀዳ ንገሩት፣ ይፍቀድ።

ዋናው ነገር ጥያቄው ነው። «ድሮ እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጀምሩ። መልሱ «አይ ያ ጊዜ!» ነው፣ ከዚያ ዝምታ። ስለ ሥራው ጠይቁ። «ጠዋት የሚነሳ ባቡር እሳቱ ስንት ሰዓት ይለኮስ ነበር?» በሉ። ቀዝቃዛ ቦይለር እንፋሎት እስኪይዝ ሰዓታት ይፈጃል። ስለዚህ ሌሊት የተነሳ ሰው አለ ማለት ነው። ማን ቀሰቀሰው? ምን በልቶ ወጣ? ማገዶው እንጨት ነበር ወይስ ከሰል? ውሃ የት የት ይሞላ ነበር? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ወሬ ያወጣል። መስመሩ ከጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ተነስቶ፣ ውሃ የሚናፈቅበትን በረሃ አቋርጦ፣ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ድረስ ከ2,000 ሜትር በላይ ነበር የሚወጣው። የቦይለሩ ውሃ ከእሳት ማንደጃው ጣሪያ በታች ከወረደ ብረቱ ይግላል፣ ሊፈነዳም ይችላል። የውሃ መለኪያውን መስታወት የሚያይ ዓይን እንቅልፍ አያውቅም ነበር። አባቴ የሚያወራልኝ የአያቴ ዓይን መቅላት የመጣው ከዚህ ነው።

ቪዲዮም ቅዱ፣ ግን ፊታቸውን ብቻ ሳይሆን እጃቸውን። አባቴን የባቡሩ የብረት ጎማ እንዴት ይመረመር እንደነበር ስጠይቀው በአፉ አልመለሰልኝም። ተነሳና መዶሻ አመጣ፣ ግቢ ውስጥ ካለው አሮጌ ብረት ጎን ቁጢጥ አለ። ነካ አደረገውና ጆሮውን አዘነበለ። ደህና ብረት ድምፁ ጠርቶ ይቆያል። የተሰነጠቀ ብረት ድፍን ብሎ ይሞታል። መዶሻው ላላ ብሎ ይያዛል፣ አይመታም፣ ይወድቃል እንጂ። ይህንን ማንም በወረቀት ሊያቆየው አይችልም።

የእጅ ሥራውን ቅዱ የምለው በከንቱ አይደለም። ኤርትራ ውስጥ የምጽዋ–አስመራው መስመር፣ ወደ 118 ኪሎ ሜትር የሚሆነው፣ በጦርነቱ ፈርሶ ሀዲዱ ምሽግ መሥሪያ ሆኖ ነበር። ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ያነሱት የድሮዎቹ የባቡር ሠራተኞች ናቸው፤ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ጡረተኞች ነበሩ። በጣሊያን ዘመን የገቡትን የእንፋሎት ባቡሮች ጠግነው በ1995 ዓ.ም. አስመራ አደረሷቸው። ሥራውን የሚያውቅ እጅ ባይተርፍ ኖሮ ያ ሁሉ ብረት ቁርጥራጭ ሆኖ ይቀር ነበር።

ወሬው ከደረቀባችሁ በጣቢያ ሂዱ። ሁርሶ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ፣ መተሃራ እያላችሁ በስም ጥሩላቸው፣ እያንዳንዱ ስም የራሱን ታሪክ ይዞ ይመጣል። ድሮ ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ መንገዱ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፣ ተጓዡም ድሬዳዋና አዋሽ ያድር ነበር። አዋሽ ላይ ያለው ቡፌ ዳዋሽ የዚያ ዘመን ማረፊያ ነው። እናቶችንም አትዝለሉ። ጣቢያ ላይ ምን እንደሚሸጥ፣ ባቡር ሲዘገይ ቤት ምን እንደሚባል፣ የደመወዝ ቀን ከዚራ፣ የድሬዳዋው የባቡር ሰፈር፣ ምን እንደሚመስል እነሱ ናቸው የሚያውቁት። አባቶች የሚረሱትን እናቶች በዋጋው ሳይቀር ያስታውሱታል።

ጥር 1977 ዓ.ም. ሲነሳ ቀስ በሉ። አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ድልድይ ላይ ከሀዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው ያለቀበት ነው። ሠራተኛው ሁሉ የሚያውቀው ሰው ሞቶበታል። ራሳቸው ካላነሱት አታንሱ። ካነሱት አታቋርጡ፣ ስልኩንም አትንኩ። መቅጃውን ዝጉት ካሏችሁ ዝጉት።

አሁን ስለ ዘመን። ጡረተኛው የሚነግራችሁ በእኛ አቆጣጠር ነው። የደመወዝ ወረቀቱና የምስክር ወረቀቱ ግን በፈረንሳይኛ ስለሆነ በፈረንጅ ነው፤ ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፉ። ወረቀቱ ቀን ከሌለው የድርጅቱን ስም እዩ። «ፍራንኮ-ኢትዮጵያ» የሚል ከሆነ እ.ኤ.አ. ከ1981 በፊት ነው። «ጅቡቲ-ኢትዮጵያ» ካለ ጅቡቲ ነፃ ከወጣች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1981 ወዲህ ነው። ዓመት ጨርሶ ከጠፋቸው ደግሞ በድርጊት ጠይቁ፦ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ነው በኋላ? ከሶማሌ ጦርነት በፊት ነው በኋላ?

ዕቃ ካሳዩአችሁ፣ ፋኖስ ይሁን የነሐስ ቁልፍ ይሁን ባርኔጣ፣ በመጀመሪያ ፎቶ አንሱ፣ ከዚያም ስለ እሱ እየተናገሩ ቅዱ። ነሐሱን በአሸዋና በሎሚ አታብሱት፤ የተቀረጸው ቁጥር አብሮ ይሄዳል። ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። ወረቀትና ፎቶ ላይ ፕላስተር አትለጥፉ፣ በፕላስቲክም አታስለብዱ። ከፎቶ ጀርባ የምትጽፉ ከሆነ በእርሳስ፣ ጫን ሳትሉ ጻፉ።

ቅጂውን ቢያንስ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ ስልክ ይጠፋል። ቤተሰቡ ከፈቀደ አንድ ቅጂ ለወመዘክር (ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ስጡ።

ከሳምንት በኋላ ተመለሱና ቅጂውን አብራችሁ ስሙት። «አይ፣ እዚህ ጋ ተሳስቻለሁ፣ ሚኤሶ ሳይሆን አፍደም ነው» ይሏችኋል። ያን ጊዜ ሁለተኛ ስልክ አብሩ፤ እርማቱ ራሱ መቀዳት አለበት።