ድሬ ላይ በትንሽ ብር የጌም ኮምፒውተር ለሚገጣጥሙ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ ጌም ኮምፒውተር አገጣጠም የምታገኙት ምክር አብዛኛው የተሰጠው መብራት ለማይጠፋባቸው፣ ክፍላቸው ለሚቀዘቅዝና ያልተስማማቸውን ዕቃ በሳምንቱ ለሚመልሱ ሰዎች ነው። እኛ ያለነው ድሬ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀኑ 35 ዲግሪ ይደርሳል። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ሲመጣም አንዳንዴ ኃይለኛ ሆኖ ይመጣል። ዕቃውን ወይ ታይዋን ገበያ ዞረን እናገኛለን፣ ወይ ከአዲስ አበባ በሰው እናስመጣለን፣ ወይ ዱባይ ያለ ዘመድ ይልክልናል። አንዴ ከተገዛ መመለስ ከባድ ነው።

ስለዚህ ለጠየቀኝ ሁሉ አንድ ነገር እላለሁ። ድሬ ላይ መብራትና ሙቀት እንደማንኛውም ዕቃ በጀት ሊያዝላቸው ይገባል። ካላችሁ ብር ላይ መጀመሪያ የእነሱን ድርሻ ቀንሱ፤ በቀረው ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚሠራውን) እና ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩን አንጎል) ምረጡ። ብዙዎቹ ስህተቶች የሚመጡት ይህን ቅደም ተከተል ከመገልበጥ ነው።

«አይ7 ነው» ሲባል ማመን

ሱቅ ገብታችሁ «ጌም የሚያጫውት አለ?» ብትሉ መጀመሪያ የምትሰሙት «አለ፣ ኮር አይ7 ነው» የሚል መልስ ነው፤ የኢንቴል ኩባንያ ፕሮሰሰር ስም ነው። የትኛው አይ7? ጥያቄው እሱ ነው። አይ7-3770 የወጣው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። አይ3-12100 ደግሞ በ2022። ሁለቱም 4 ኮር (ሥራውን የሚሠራ ክፍል) እና 8 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚያስኬዱት የሥራ መስመር) አላቸው። ጌም ላይ ግን አዲሱ አይ3 አሮጌውን አይ7 በሰፊው ይበልጠዋል። ከሰረዙ በኋላ የሚመጣውን ቁጥር እዩ፤ መጀመሪያው ትውልዱን ይነግራችኋል። 3770 ሦስተኛ ትውልድ ነው፣ 12100 አሥራ ሁለተኛ።

ነገሩ የፍጥነት ብቻም አይደለም። የኢንቴል ሦስተኛ ትውልድና ከዚያ በፊት ያሉት ኤቪኤክስ2 የሚባለውን የትዕዛዝ ስብስብ አያውቁትም። ይህን የሚጠይቁ አዳዲስ ጌሞች እነሱ ላይ ጭራሽ አይከፈቱም። ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው የኢንቴል ስምንተኛ ትውልድንና ከዚያ በላይ፣ ከተፎካካሪው ኤኤምዲ በኩል ደግሞ በጥቅሉ ከራይዘን 2000 ጀምሮ ያሉትን ነው። ቫሎራንት የሚባለው ጌም ዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የሚባሉት የደህንነት መጠበቂያዎች ካልበሩ አይሠራም። ያገለገለ ፕሮሰሰር የምትገዙ ከሆነ ከስምንተኛ ትውልድ በታች አትውረዱ።

ሌላም አለ። ከኢንቴል ቁጥር መጨረሻ «ኤፍ» የሚል ፊደል ካለ፣ ለምሳሌ 12100ኤፍ ወይም 12400ኤፍ ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ የለውም። ግራፊክስ ካርዱን «በሚቀጥለው ወር እገዛለሁ» ያለ ሰው ወሩን ሙሉ ጥቁር ስክሪን ሲያይ ይከርማል።

ግራፊክስ ካርድን በጂቢ መለካት

ለጌም ከሁሉም ይልቅ ወሳኙ ዕቃ ይሄ ነው። ለመብራትና ለሙቀት ከቀነሳችሁ በኋላ ከቀረው ብር ከሲሶ እስከ ግማሽ ለእሱ ብትሰጡ አልበዛም። ችግሩ ሻጭም ገዢም «4 ጂቢ ነው» ብለው መነጋገራቸው ነው። ጂቲ 730 ባለ 4 ጂቢ አለ። ጂቲኤክስ 1650ም ባለ 4 ጂቢ ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው። የመጀመሪያው ፊልም ለማየትና ለቢሮ ሥራ ይሆናል፤ ሁለተኛው ጂቲኤ 5ን በሙሉ ኤችዲ ያጫውታል።

ሞዴሉን ካወቃችሁም በኋላ ጠለቅ ብላችሁ ጠይቁ። ጂቲ 1030 ሁለት ዓይነት ሜሞሪ ይዞ ተሸጧል። ዲዲአር4 የያዘው ጂዲዲአር5 ከያዘው የሜሞሪ ፍጥነቱ ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ ካርቶኑ ላይ ያለው ስም ግን አንድ ነው። አርኤክስ 580 ላይም «2048ኤስፒ» የሚል ካያችሁ፣ የያዘው የኮር ብዛት የ570 ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ መሆን አለበት። አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ደግሞ ከማዘርቦርዱ (ዕቃዎቹ ሁሉ ከሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ጋር የሚገናኘው በ4 መስመር ብቻ ስለሆነ፣ የካርድ መሰኪያው ፒሲአይ 3.0 የሆነ የቆየ ቦርድ ላይ ሲሰካ አቅሙ ይቀንሳል።

ከዚህ የባሰው አስመስሎ የተሠራው ነው። አሮጌ ካርድ ባዮሱ (ውስጡ ያለው መነሻ ፕሮግራም) ተቀይሮ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ» ተብሎ ይሸጣል። ዊንዶውስም አምኖ ያንኑ ስም ያሳያል። ጂፒዩ-ዚ የምትባል ነፃና ትንሽ ፕሮግራም አለች። በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሐሰተኛ ካርድ ላይ ከስሙ በፊት ሐሰተኛ መሆኑን የሚያመለክት ማስጠንቀቂያ ታወጣለች።

የእኔ ምርጫ? ብሩ ከበቃ አርኤክስ 6600። 8 ጂቢ አለው፣ የሚወስደው ኃይል 132 ዋት ነው፣ ለድሬ ሙቀት እንዲህ ቆጣቢ የሆነ ካርድ ይስማማል። ከዚያ ዝቅ ካለ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር። ጭራሽ ለካርድ የሚሆን ብር ከሌለ ደግሞ ርካሽ ካርድ አትግዙ። ራይዘን 5 5600ጂ የራሱ ጥሩ ግራፊክስ አለው። በእሱ ቫሎራንትና ጂቲኤ 5 እየተጫወታችሁ ለደህና ካርድ ብር ማጠራቀም ትችላላችሁ።

የቢሮ ኮምፒውተር ውስጡ ሳይታይ

ያገለገሉ የዴልና የኤችፒ የቢሮ ማሽኖች በርካሽ ይገኛሉ፤ ካርድ ጨምሮ መጫወትም መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ግን ቀጭኑን ኬዝ ከገዛችሁ የሚገባበት አጭሩ ካርድ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ብርቅ ነው። ትልቁን፣ ታወር የሚባለውን ፈልጉ። ብዙዎቹ የፓወር ሰፕላይ (ለዕቃዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ሳጥን) መሰኪያቸው የራሳቸው ስለሆነ ከገበያ ገዝታችሁ የምትቀይሩት በመገናኛ ገመድ ነው። ስለዚህ ለእነሱ ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይፈልገውን፣ 75 ዋት የሆነውን ጂቲኤክስ 1650 ምረጡ። እሱም ቢሆን አንዳንዱ ሥሪት ባለ 6 ፒን መሰኪያ ይፈልጋል፤ ሳታዩ አትክፈሉ።

ፓወር ሰፕላይን በተረፈው ብር መግዛት

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሰው ለካርድ ብሩን ሁሉ ያፈስና፣ ያንን ካርድ ከኬዝ ጋር በነፃ በመጣ ፓወር ሰፕላይ ላይ ያንጠለጥለዋል።

ላዩ ላይ «500 ዋት» የሚለውን ተዉት። ጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አንብቡ። ፕሮሰሰሩና ካርዱ በዋናነት የሚጠቀሙት የ12 ቮልቱን መስመር ነው። እሱ ላይ የተጻፈውን አምፒር በ12 አባዙት። 18 አምፒር ከሆነ የምታገኙት 216 ዋት ነው፣ ላዩ ላይ የፈለገው ይጻፍ። ለአርኤክስ 6600 ኤኤምዲ ራሱ የሚመክረው 450 ዋት ነው፤ እኔ ታዋቂ ሥሪት የሆነ እውነተኛ 500 ወይም 550 እላለሁ። 80 ፕላስ የሚለው ምልክት የሚናገረው ኤሌክትሪክ አለማባከኑን ነው። ቮልቴጅ ሲዋዥቅ ይችለዋል ማለት አይደለም።

ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ከሆነ ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን እዩ። ቀይ ማብሪያ ካለውና 115 ላይ ከሆነ ወደ 230 ገልብጡት። የእኛ መብራት 220 ነው። 115 ላይ እንዳለ ከተሰካ በአንድ ጩኸት ያበቃለታል። «100-240» የሚል ከተጻፈበት ግን ራሱ ያስተካክላል።

ከፓወር ሰፕላዩ ውጪም በጀት ያዙ። ተራ ዲቫይደር መከላከያ አይደለም። ቢያንስ ቮልቴጅ የሚያስተካክል ደህና ስታቢላይዘር፣ ከተቻለ ውስጡ ኤቪአር (ያው ቮልቴጅ አስተካካይ) ያለው ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ) ግዙ። ዩፒኤስ ላይ የሚጻፈው ቪኤ ነው፤ ዋት አይደለም። 650 ቪኤ የሚለው ብዙ ጊዜ የሚችለው 390 ዋት ወይም ከዚያ በታች ነው። ባለ አርኤክስ 6600 ኮምፒውተር ጌም ላይ ከነስክሪኑ 250 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ስለዚህ ይበቃል፣ ግን ለጥቂት ደቂቃ ነው። የዩፒኤስ ሥራ ጌሙን ሴቭ አድርጋችሁ በሥርዓት እንድታጠፉ ነው። መብራት ሲሄድ ከሶኬት ንቀሉ። ሲመለስም ወዲያው አትሰኩ፤ ጥቂት ደቂቃ ይረጋጋ።

ኬዙን ስትነኩ የሚነዝራችሁ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ የቤቱ ሶኬት ኧርዝ የለውም። ያንን ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ አሠሩ። ለካርዱም ለእናንተም ነው።

ኬዝን በመብራቱ ማማር መምረጥ

የክፍላችሁ ሙቀት 10 ዲግሪ ሲጨምር የዕቃዎቹም ሙቀት ወደዚያው ይጨምራል። 22 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 75 ላይ የሚሠራ ካርድ፣ ሳቢያን ሰፈር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወደ 90 ይጠጋል። ፕሮሰሰርም ካርድም ሲግሉ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። «ጌሙ መጀመሪያ ጥሩ ነበር፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይንቀራፈፋል» የሚለው ስሞታ አብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው።

ፊቱ ድፍን መስታወት የሆነው፣ ቀለም የሚቀያይረው ኬዝ ያምራል። ግን አየር አያስገባም። ከድሬ ሙቀት ጋር ሲደመር ምድጃ ነው። ፊቱ ወንፊት የሆነውን ምረጡ፤ ሁለት ፋን ከፊት አየር የሚያስገባ፣ አንድ ከኋላ የሚያስወጣ። ወንፊቱ ሥር የሚወጣና የሚታጠብ የአቧራ ማጣሪያ ካለው እሰየው። ከደቻቱ ወንዝ በኩል ነፋስ ሲነሳ አሸዋው የት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። ኮምፒውተሩን መሬት ላይ አታስቀምጡ፤ ማጣሪያውንም በየወሩ አጽዱ።

ፕሮሰሰር ስትመርጡም 65 ዋት የሆኑትን፣ እንደ ራይዘን 5 5600 ያሉትን አስቀድሙ። በውኃ ማቀዝቀዣ ላይ ብር አታውጡ፤ በዚህ በጀት ጥሩ የአየር ማቀዝቀዣ ይበቃል። ያገለገለ ከገዛችሁ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ቀይሩ፤ ብዙ ጊዜ ደርቆ ነው የሚገኘው። ሐረር ያላችሁ ከፍታው ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነ ሙቀቱ ይቀልላችኋል። አቧራውና መብራቱ ግን ያው ነው።

ትናንሾቹ፣ ግን ብር የሚያስበሉት

ራም አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8 ግዙ። በተለይ 5600ጂ የያዘ ሰው ልዩነቱን በዓይኑ ያየዋል፤ ግራፊክሱ የሚጠቀመው ያንኑ ራም ነውና። ዲዲአር3፣ 4 እና 5 አይቀላቀሉም፣ ቦርዱ የሚቀበለውን አረጋግጡ። ከገጠማችሁ በኋላ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ገብታችሁ ኤክስኤምፒን (ራሙን በሙሉ ፍጥነቱ የሚያሠራውን ምርጫ) አብሩ፤ አለበለዚያ የከፈላችሁበት ፍጥነት ተኝቶ ይቀራል።

ኤስኤስዲ (ጌሙ የሚቀመጥበት ማከማቻ) ከ500 ጂቢ አትውረዱ። አንድ ትልቅ ጌም ብቻውን 100 ጂቢ ይይዛል። «2 ቴራ» ተብሎ በማይታመን ዋጋ የሚሸጥ ካያችሁ እለፉት።

አሮጌ ስክሪን ያላችሁ ደግሞ መሰኪያውን እዩ። አዳዲስ ካርዶች ቪጂኤ የላቸውም። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር መለወጫ ያስፈልጋችኋል። ገመዱንም ካርዱ ላይ ሰኩ እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም። «ካርድ ጨመርኩ፣ ለውጥ የለውም» የሚል ሰው ቤት ስትሄዱ መጀመሪያ ገመዱን እዩ።

ዕቃን በዓመት አንድ አንድ እያሉ ማከማቸት

ይሄ የእኛ አገር ነገር ነው፤ ምክንያቱም ይገባኛል። ደመወዝ ሲገባ ራም፣ ዘመድ ሲመጣ ካርድ፣ በዓል ሲደርስ ኬዝ። ግን ዛሬ የተገዛ ማዘርቦርድ ከስምንት ወር በኋላ ሲከፈት ባይሠራ ማን ይጠየቃል? ዋስትናው አልፏል፣ ሱቁም ተቀይሮ ይሆናል። በዚያ ላይ ብሩን ይዛችሁ ብትቆዩ ኖሮ በዚያው ዋጋ የተሻለ ልታገኙ ትችሉ ነበር።

ቢቻል ብሩን አጠራቅማችሁ በአንድ ጊዜ ግዙ። ካልተቻለ ግን ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። ሳይበላሹ የሚቆዩትንና በዓይን የሚመረመሩትን፣ ኬዝና ስክሪንን፣ አስቀድሙ። ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ኤስኤስዲና ፓወር ሰፕላይን አንድ ላይ ግዙና በዚያው ቀን አብሩዋቸው። ግራፊክስ ካርዱን መጨረሻ ላይ። ያገለገለ ካርድ ከሆነ ሻጩ ፊት ከባድ ጌም ከፍታችሁ ሃያ ደቂቃ አሠሩት፤ ሙቀቱን፣ የፋኑን ድምፅና ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ መኖሩን እያያችሁ። «መብራት የለም፣ ቤትህ ሞክረው» ካሏችሁ መብራት ሲመጣ ተመለሱ።