የወል ግጦሽን ለመጠበቅ ሲታሰብ የሚፈጸሙ ስህተቶች፦ ከመንዝ ጓሳ እስከ ቦረና

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ሲደነግግ፣ በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደሮች ለግጦሽና ለእርሻ የሚሆን መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው አረጋግጧል። ይህ መብት ሣር በሌለበት ሜዳ ላይ ትርጉም ስለማይኖረው፣ ሣሩን የሚያጠፉትን ስህተቶች ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት የወልን መሬት ባለቤት እንደሌለው መቁጠር ነው። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኘው የጓሳ የሣር ሜዳ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቀሮ» በሚባል ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። አስቦና ጌራ የተባሉት የአካባቢው ቀደምት አባቶች ተወላጆች በመረጧቸው አለቆች ሥር ሆነው ቦታውን ለ3፣ አንዳንዴም ለ5 ዓመታት ዘግተው ያቆዩት ነበር፤ ሣሩ ሲደርስ ወይም ድርቅ ሲጸና ተከፍቶ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ጓሳ የተባለው ሣር ይታጨዳል፣ ከብቱም ይገባል፣ ክረምቱ ሲቃረብ እንደገና ይዘጋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ በትውልድ የተመሠረተውን መብት ሲያፈርስ የጠባቂዎቹም ሥልጣን አብሮ ፈረሰ፤ ቀድሞ የደረሰ ሁሉ ያጭድና ያስግጥ ጀመር። በትውልድ ያልተካተቱት ከጥቅሙ ውጭ መሆናቸው እውነተኛ በደል ስለነበር አሮጌው ሥርዓት እንዳለ ይመለስ አልልም፤ በኋላ የተቋቋመው የማኅበረሰብ ኮሚቴ ከዙሪያው ቀበሌዎች የተውጣጣ መሆኑን ግን እንደ ትልቅ እርምት አየዋለሁ።

ሌላው ተደጋጋሚ ስህተት የከብቱን ብዛት ብቻ ቆጥሮ ወቅቱን መርሳት ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ሜዳው ለምለም ሲመስል እረኛ ሁሉ ይቸኩላል፤ በዚያን ጊዜ ግን ሣሩ አዲስ ቅጠል የሚያወጣው በሥሩና በግርጌው ካስቀመጠው ስንቅ ነው። አንድ ጭብጥ ሣር ይዞ በቀስታ መሳብ ብዙ ይናገራል፤ ጤነኛው መሬቱን አጥብቆ ይይዛል፣ ግርጌው ሲገለጥም ነጭ ለጋ ቡቃያ ይታያል፤ ደጋግሞ የተጋጠው ግን ከነሥሩ ተነቅሎ እጅ ላይ ይቀራል፣ ሥሩም አጭርና ስስ ነው። እርጥብ አፈር ደግሞ በኮቴ ሲረገጥ ስለሚጠቀጠቅ ተከታዩ ዝናብ ወደ ውስጥ መስረጉን ትቶ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። ጥቂት ከብት ያለጊዜው ገብቶ የሚያደርሰው ጉዳት ብዙ ከብት በጊዜው ገብቶ ከሚያደርሰው ሊብስ ስለሚችል፣ ዝናቡ ከገባ በኋላ ጥቂት ሳምንታት መታገስና ከሣሩ ግማሽ ያህሉን ሳያስግጡ መተው ያዋጣል።

ከብትን ፈጽሞ ማስወጣት ወይም እሳትን መከልከል ብቻውን ጥበቃ የሚመስላቸውም አሉ። በደቡብ ኢትዮጵያ በሚገኘው በቦረና ሣር ማቃጠል በ1970ዎቹ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከተከለከለ ወዲህ ቁጥቋጦው ሜዳውን እየወረረ መጥቷል፤ የእሳት መቅረት ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። ሽማግሌዎቹ መቼና የት እንደሚለኮስ ያውቁ ነበር፣ ከልካዩ ግን አልጠየቃቸውም። ቁጥቋጦው አንዴ ከበዛ በኋላ ፍየልና ግመል ቅጠሉን ስለሚቀነጥቡ፣ ላምና በግ ብቻ ከማርባት ቀላቅሎ ማርባት ይሻላል።

ከእረኛው ጋር የሚሄደው ውሻ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ጓሳ የቀይ ቀበሮ መኖሪያ በመሆኑ፣ ከውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ አንድን የቀበሮ መንጋ በአጭር ጊዜ ሊጨርስ ይችላል፤ ውሻን ማስከተብ የግጦሽ ደንቡ አካል መሆን አለበት።

በመጨረሻም ውኃ ያለ ምክክር ይቆፈራል። ውኃ ሲጠፋ ከብቱ ይለቀው የነበረው የክረምት ግጦሽ ኩሬ ሲበጅለት ዓመቱን ሙሉ ስለሚጋጥ እረፍት ያጣል። ቦረናዎች ለጥጆችና ለደከሙ ላሞች የሚያጥሩት «ካሎ» እንኳ በግለሰብ እጅ ሲበዛ የጋራውን ሜዳ ያጠብባል። ስለዚህ ኩሬ ከመቆፈሩም ሆነ አጥር ከመታጠሩ በፊት፣ በየትኛው ወር የማን ከብት በዚያ ያልፍ እንደነበር ከእረኞቹ ጋር ሜዳው ላይ ተቀምጦ መጠየቅ ይገባል።